ሮቦት መጥረጊያችን ጎማ ጨረሰች፦ ሱቁ፣ ጎሚስታው እና ከሜሪላንድ የመጣው ጎማ

መጀመሪያ ፍርዱን ልናገር፣ ጊዜ የሌለው ሰው አንብቦ ይሂድ። የሮቦት መጥረጊያችሁ ጎማ ካለቀ አዲስ ሮቦት አትግዙ። ሙሉ እግሯን ከነሞተሩ ለመቀየርም አትቸኩሉ። ቸርኬው ላይ ያለውን ጎማ ብቻ ቀይሩ፣ በቃ። እኔ እዚህ የደረስኩት አንድ ሱቅ ገብቼ ተበሳጭቼ ወጥቼ፣ አንድ ጎሚስታ አስቸግሬ፣ እህቴን ከውጭ ዕቃ አስልኬ፣ በመሃል ደግሞ ሁለት ጊዜ ራሴ አበላሽቼ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም እገመግማለሁ፤ ሱቁን፣ ጎሚስታውን፣ ጎማውን። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ዕቃዋን ላስተዋውቃችሁ። ራሷ ወለሉ ላይ እየዞረች የምትጠርግ ማሽን ናት። ክብ ናት፣ ጥቁር ናት፣ የትልቅ ድስት ክዳን ታክላለች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ናት በ2014 ዓ.ም. ለእማዬ የላከችላት፣ ያኔ በ220 ዶላር ገዝታ። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ጎማ ማለቅ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ጫማም ያልቃል። እማዬ ስም አውጥታላታለች፣ «ኤሊ» ትላታለች። መጀመሪያ ሰሞን አታምናትም ነበር፣ መጥረጊያ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች «ይቺ እኮ ጥግ አታውቅም» ትላለች። አሁን ታዋራታለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ዛሬ ደክሟታል፣ አትቀስቅሻት» ብላኛለች፣ በእናቴ እምላለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሮቦት ጎማ መጻፍ ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ውጭ ዘመድ ያላቸው ጓደኞቼ ቤት ሁለት ሦስት አይቻለሁ፣ ሁሉም ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅለዋል። አቧራ ሊጠርጉ መጥተው አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ምን ሆነው ነው ስትሉ «ባትሪዋ ሞተ መሰለኝ» ይሏችኋል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው።

የኛ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ ነጣ ያለ ሴራሚክ ነው፣ መኝታ ቤቶቹ በር ላይ አንድ ሴንቲ ተኩል የምትሆን ደፍ አለች፣ የእማዬ ክፍል ውስጥ ወፍራም ምንጣፍ አለ። ኤሊ ለሁለት ዓመት ተኩል ደፏን ያለ ችግር ነበር የምትሻገረው። ባለፈው ጥር ላይ ግን ደፏ ጋ ስትደርስ ቆማ ዝዝዝ ማለት ጀመረች። ጎማው ይዞራል፣ እሷ አትሄድም። ክረምት ላይ ጭቃ የገባ ላዳ ታክሲ አይታችሁ ከሆነ፣ ልክ እንደዚያ። ትንሽ ቆይቶ ምንጣፉ ላይ መውጣት አቆመች። ከዚያ በጣም ያናደደኝ መጣ፦ ቻርጅ ለማድረግ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ቻርጀሯ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ዳገት ላይ ትንሸራተታለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች፣ እንዲህ እያለች ባትሪዋን ጨርሳ በሩ ላይ ትሞታለች። ጠዋት ስነሳ ቻርጀሯ ፊት ተደፍታ አገኛታለሁ። ባትሪው ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ወደ ሱቁ እንምጣ። መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ «የሁሉም ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ ጥገና» ይላል። ስሙን አልጽፍም። ልጁ ኤሊን ተቀበለኝ፣ ቁልፏን ተጫነ፣ መብራቷን አየ፣ «እህቴ፣ ይሄ ቦርዱ ነው» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቦርዱን ለመሥራት 9,000 ብር፣ ያውም ይሠራል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። «ወይም አዲስ አለን» አለና ከኋላው መደርደሪያ ላይ ወዳለ ካርቶን አሳየኝ። 38,000 ብር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ስለምናውቅ በቁጥሩ አልተከራከርኩም። የተናደድኩት በሌላ ነው። «ጎማውን አይተኸዋል?» አልኩት። አላየውም። ገልብጦ እንኳን አላየም! ገልብጬ ሳሳየው ጣቱን አስነክቶ «ጎማው ምንም አይልም፣ ይዞራል እኮ» አለኝ። ይዞራል። ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ ይዞራል ግን አይሄድም። ለ«ቼክ» 500 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ለሱቁ ከአምስት ኮከብ አንድ እሰጣለሁ፣ አንዷም ወንበር ስለሰጡኝ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ሳሎን መሃል ፎጣ ዘረጋሁና ኤሊን በጀርባዋ አስተኛኋት። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ከሥር ስታዩአት ሦስት ጎማ አላት። ግራና ቀኝ ሁለት ትላልቅ፣ ከፊት አንድ ትንሽ። ትላልቆቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሞተር፣ የራሳቸው ማርሽ፣ የራሳቸው ሞላ አላቸው። መሪ የሚባል ነገር የላትም። ወደ ቀኝ መታጠፍ ስትፈልግ የግራውን ታፈጥናለች፣ የቀኙን ታዘገያለች። ባለችበት መዞር ስትፈልግ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ታዞራለች። ስንት እንደሄደች የምታውቀውም ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥራ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጎማው አልቆ ባለበት ሲንሸራተት እሷ የሄደች ይመስላታል። ሶፋ ሥር ቆማ መኝታ ቤት ደርሻለሁ ብላ ታስባለች። ሌዘር ወይም ካሜራ ያላቸው አዳዲሶቹ ዙሪያቸውን እያዩ ስህተቱን ያርማሉ፣ የኛዋ ግን ያን የላትም፣ ቆጥራና ተጋጭታ ነው የምትኖረው። ለዚህ ነው የጎማ ነገር እንደ ትንሽ ነገር የማይታየው።

የጎማውን ጥርስ በጥፍሬ ነካሁት። ጥርስ የለም። ልሙጥ ነው፣ የለሰለሰ፣ ያብለጨልጫል። የግራው ላይ ጠርዙ ጋ ትንሽ የጥርስ ምልክት ቀርቷል፣ የቀኙ ጭራሽ ራሰ በራ ሆኗል። ደግሞ ደርቋል፤ ጥፍሬን ስጫነው አይሰጥም። ማን እንደበላው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ በመስኮቱ በኩል ማየት ይበቃል። ሰፈራችን ላለፉት ሁለት ዓመታት ሲፈርስና ሲሠራ ነው የከረመው። የሚገባው አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ኤሊ በየቀኑ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ስትሄድ ነበር ማለት ነው።

ከቀኙ ጎማ አክሰል ላይ የወጣውን ደግሞ ስሙ። አንደኛ፣ የታናሽ እህቴ የሹሩባ ጸጉር፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ገመድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ክር፣ ምናልባት ከምንጣፉ። ሦስተኛ፣ ቄጠማ! የፋሲካ ይሁን የገና እንጃ፣ ደርቆ ቢጫ ሆኖ ማርሹ ጋ ተሰንቅሯል። እማዬ በዓል በመጣ ቁጥር ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ ኤሊን የሚያጠፋት ሰው ይረሳል፣ እሷ ደግሞ በሰዓቷ ተነስታ ቄጠማው ውስጥ ትገባለች። የውጭ አምራች ስለ ቄጠማ መመሪያው ላይ ምንም አልጻፈም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው፦ በዓል ሲሆን ሮቦቷን አጥፉ።

የፊቷን ትንሽ ጎማ በእጅ ወደ ላይ ስትስቧት ከነእግሯ ትወጣለች፣ ብሎን የላትም። የሷም አክሰል በጸጉር ታንቆ መዞር አቁማለች፣ ሳትዞር ስለተጎተተች አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይቺን ጎማ አስታውሷት፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጸጉሩን በመቀስ ቆርጬ በወረንጦ ለቀምኩ። ጎማዎቹን መጀመሪያ በሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል ጠረግኳቸው። የገረመኝ፣ ይሄ ብቻ ለውጥ አመጣ። ኤሊ ደፏን በሦስተኛው ሙከራ ተሻገረች። ጎማ ላይ የሚለጠፈው ደቃቅ አቧራ ራሱ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አምስት ደቂቃ ሥሯት። ለኔ ግን የቆየው ሦስት ቀን ነው። ያለቀ ጎማ ቢታጠብም ያለቀ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ እዚህ ላይ ገባ። ጥርስ ከሌለው ጥርስ ልሥራለት ብዬ ሱፐር ግሉ በመስመር በመስመር ቀባሁበት፣ ሲደርቅ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል ብዬ። ጎርበጥ አለ። ግን ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው የሚጠነክረው፣ ጎማ ደግሞ የሚይዘው ስለሚለመጥ ነው። ኤሊ ሴራሚኩ ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለች ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች መሰለች፣ ከበፊቱም ብሶ ተንሸራተተች፣ በሁለተኛው ቀን ሙጫው ተሰንጥቆ ቅርፊቱን ራሷ ጠረገችው። ቢያንስ ጠረገችው።

ከዚያ ጎሚስታው ትዝ አለኝ። እንዴት ቀድሞ አልመጣልኝም? ጎማ ያለቀበት ሰው የት ይሄዳል? ሰፈራችን መታጠፊያው ላይ ያሉት ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ጎማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኤሊን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ገልብጠው አዩዋት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ «የሕፃን መኪና ናት?» አሉኝ። ቤት ትጠርጋለች አልኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ። ዙሪያቸው ያሉት የባጃጅ ልጆች ሳቁብኝ። አንደኛው «ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ናት? አሥራ ሦስት ናት አሥራ አራት?» ይላል።

ግን ጋሼ ሥራውን ሲይዙት ቀልድ የለም። የሞተር ሳይክል አሮጌ ከመነዳሪ አወጡ፣ ቸርኬው ላይ ለክተው በስፋት ሁለት ሴንቲ የምትሆን ቀለበት ቆረጡ፣ ልክ ሽንኩርት እንደሚቆረጠው። የመኪና ከመነዳሪ ይሰፋል፣ የብስክሌት ይጠባል፣ የሞተር ሳይክሉ ግን ጥብቅ ብሎ ይገባል፤ እሳቸው ሳይለኩ ነው ያወቁት። ከውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት በቤንዚን ጠረጉት። የኤሊን ያለቀ ጎማ በሞረድ ፈገፈጉት፣ ሻካራ እስኪሆን። ሁለቱም ላይ ማስቲሽ ቀቡ። እኔ ወዲያው ላለብሰው ስል እጄን መቱኝ። «እስኪደርቅ ጠብቂ። እርጥቡ አይዝም።» አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ማስቲሹ ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን ቀለበቱን ለጥጠው አስገቡና በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ቀጠቀጡት። እጃቸው ላይ ያለው እርግጠኛነት ያስቀናል። የተበላሸው የቀኙ ነው ስላልኳቸው የቀኙን ብቻ ሠሩ። መቶ ብር።

ሁለተኛው ጥፋት ይሄ ነው፣ የሳቸው ሳይሆን የኔ። ኤሊ ቤት ገብታ ስትለቀቅ ወደ ግራ ወደ ግራ ትጎትታለች። ሳሎኑን በቀጥታ ለመሻገር ተነስታ ቴሌቪዥኑ ሥር ትገባለች። እማዬ «ሰክራ ነው የመጣችው» አለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቸርኬው ከነጎማው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በመሃሉ ሲለካ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ዙሪያው 22 ሴንቲ። ከመነዳሪው 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ጎማው ላይ 2 ሚሊ ስትጨምሩ ዙሪያው ከ12 ሚሊ በላይ ይረዝማል። ሦስት ሜትር ለመሄድ ጎማው ወደ 14 ጊዜ ይዞራል። 14 ጊዜ 12 ሚሊ፣ 17 ሴንቲ ገደማ። ማለትም ኤሊ ሦስት ሜትር ሄድኩ ስትል የቀኝ እግሯ የግራውን 17 ሴንቲ ቀድሞታል። እንዴት ቀጥ ብላ ትሂድ? የመኪና ሰዎች ጎማ ጥንድ ጥንድ የሚቀይሩት ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ሄጄ የግራውንም አሠራሁ። ሌላ መቶ ብር ላወጣ ስል ጋሼ ሃምሳ ብቻ ተቀበሉኝ። ቀጥ አለች! ደፏን ዘላ ነው የተሻገረችው፣ ምንጣፉ ላይ ወጣች፣ ቻርጀሯ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ተቀመጠች። ከመነዳሪ የሚይዘው አያያዝ ከፋብሪካው ጎማ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ለጎሚስታው ከአምስት አራት ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጥቁሩ ከመነዳሪ ነጣ ያለው ሴራሚክ ላይ መስመር ይተዋል፣ በተለይ ባለችበት ስትዞር። በስፖንጅ ይለቃል፣ ግን ቤት ለመጥረግ የገዛነው ዕቃ የሚያቆሽሸውን እየተከተልን መጥረጋችን ነው። ሁለተኛ፣ ጎማው ስለወፈረ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠርዝ ጋ ይነካካል፣ ሽር ሽር የሚል ድምፅ አለው። በስድስተኛው ሳምንት የቀኙ ቀለበት ጠርዙ በዚያ መነካካት ተበልቶ መላጥ ጀመረ። ጥቁር ወለል ላለውና ቶሎ መፍትሔ ለሚፈልግ ሰው ግን ከልቤ እመክረዋለሁ። 150 ብር እኮ ነው!

በዚህ መሃል ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ከመነዳሪውን በቪዲዮ አይታ ሳቀችና ኪት (የመለዋወጫ ጥቅል) አዘዘችልኝ። 14 ዶላር። ውስጡ ሁለት የጎማ ቀለበት፣ አንድ የፊት ትንሽ ጎማ፣ አንዲት ካቻቢቴ። በፖስታ አልላከችውም፣ ሰው አግኝታ ነው። አንዲት የጓደኛዋ እናት ከ23 ኪሎ የሻንጣ ድርሻዋ ላይ ቀንሳ አመጣችልን፣ እግዜር ይስጣት። ሙሉ እግሩ ከነሞተሩና ከነማርሹ ስንት ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ አንዱ 35 ዶላር፣ ጥንዱ 70። ልዩነቱን አያችሁት።

ግን ሙሉ እግር የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ሰው ላሳስት ነው። ኤሊን አጥፉና ጎማውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ትንሽ ከበድ ብሎ ግን እኩል ከዞረ ማርሹ ደህና ነው። ከተንኮሻኮሸ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከዘለለ፣ ወይም እንደ ቀላል መጫወቻ ዝም ብሎ ከተሽከረከረ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯል፣ ጎማ መቀየር ለሞተ ሰው ጫማ መግዛት ነው። ቀጥሎ ጎማውን ወደ ውስጥ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ሞላው መልሶ ካላወጣው እሱም ሌላ ችግር ነው፣ ምክንያቱም ጎማው መሬት መርገጡን የምታውቀው በዚያ በኩል ነው፣ ከፍ ብላ የተነሳች ወይም ደረጃ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ከመሰላት ትቆማለች። የኛዋ ሁለቱንም አልፋለች።

ኪቱን የገጠምኩት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ካቻቢቴዋን ወዲያው ልውቀሳት፦ ሁለተኛውን ብሎን ሳትፈታ ጫፏ ተላጠ። የራሳችሁን ካቻቢቴ ያዙ። እግሩ በሦስት ብሎን ነው የተያዘው፣ ከነማቀፊያው ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ግን ሞላው ተወጥሮ ስለሆነ ያለው ፊታችሁን አታስጠጉ፤ እኔን አገጬን መቶኛል። የጋሼን ከመነዳሪ ለመላጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ማስቲሻቸው ቀልድ አይደለም። ከሥሩ የነበረውን የፋብሪካ ጎማ ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይዤ (ቸርኬውን ብቻ ነው ውሃ የሚነካው፣ ሞተሩን እንዳታስነኩ!) በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጠርዙን አንስቼ አወጣሁት። ቸርኬው ላይ ቦይ ቦይ አለው፣ የአዲሱ ጎማ የውስጥ ጥርስ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ቦዩ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ጎማና ሙጫ በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ይሄን ካላጸዳችሁ አዲሱ ጎማ አንድ ቦታ ላይ አብጦ ይቀራል፣ ኤሊም እንደሚያነክስ ሰው ትሄዳለች።

አዲሱንም ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ስትለጥጡት በቀላሉ ይገባል። ደረቁን ስሞክር ጥፍሬ ሊነቀል ነበር። ጥርሱ እንደ ቀስት ሹል ነው፣ አቅጣጫ አለው፤ ከማውለቃችሁ በፊት የድሮው ወዴት ይመለከት እንደነበር ፎቶ አንሱ። የኔ ግራው ላይ ተገልብጦብኝ እንደገና አውጥቻለሁ። ሙጫ ያስፈልጋል ወይ? ሻጩ አያስፈልግም ይላል። እኔ ግን የጋሼን ትምህርት ይዤ ቀጭን ማስቲሽ ቀባሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አለበስኩ፣ እስከ ማግስቱ አልነካኋትም። ማስቲሹ ወደ ማርሹ በኩል እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቁ።

ውጤቱ? አራት ወር ሆነው፣ ጎማው እንዳለ ነው። ወፍራምነቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል ስለሆነ ምንም አይነካካም፣ ድምፅ የለውም፣ ሴራሚኩ ላይ መስመር አይተውም። አያያዙ ከከመነዳሪው ትንሽ ያንሳል፤ የእማዬን ምንጣፍ ሲወጣ አልፎ አልፎ ሁለቴ ይሞክራል። ለሱ ብዬ አላዝንበትም። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ አብሳቸዋለሁ፣ ጸጉሩንም በየሳምንቱ እለቅማለሁ። ለጎማ ቀለበቶቹ አራት ተኩል። ለሞዴላችሁ የሚሆን ጎማ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ እንደ ሩምባ (የታወቀች የሮቦት መጥረጊያ ናት) ለረጅም ጊዜ የተሸጡት፣ እሷ እኮ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ አለች፣ መለዋወጫቸው በየቦታው ይገኛል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ሮቦት ከሆነ ግን ወደ ጋሼ ሂዱ።

የቀነስኳት ግማሽ ኮከብ በፊቷ ትንሽ ጎማ ምክንያት ነው። የድሮዋ ግማሿ ነጭ ግማሿ ጥቁር ናት፤ እኔ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከላይዋ ትንሽ ዓይን አለች፣ ነጭና ጥቁር ሲፈራረቅባት ነው «እየሄድን ነው» የምትለው። ከኪቱ ጋር የመጣችው ጥቁር ብቻ ናት። አስገብቼ ስለቃት ኤሊ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ «ተይዣለሁ» ትላለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። አንድ ሙሉ ከሰዓት ሞተሩን አበላሸሁት ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። የድሮዋን ጠፍጣፋ ስመልስላት ሁሉም ደህና ሆነ፣ ጠፍጣፋ ጎኗ መሬት ሲነካ ጠቅ ጠቅ ከማለቷ በስተቀር።

ይቺ ጠቅ ጠቅ ሌሊት ትሰማለች። ስለዚህ ከቢሮ ኮሬክተር ይዤ መጥቻለሁ፣ ቅዳሜ የአዲሷን ግማሽ ነጭ ቀብቼ እሞክራታለሁ። እማዬ ኮሬክተሩን ጠረጴዛ ላይ አይታ «አሁን ደግሞ ጥፍር ቀለም ልትቀቢያት ነው?» ብላኛለች።